ሁለቱንም አገር ያየሁት እኔ ነበርኩ

አርባ አንድ ዓመቴ ላይ ሁለት አገሮች በአንድ ሳምንት ፈለጉኝ። እንዲህ ስል ትልቅ ሰው እንዳልመስላችሁ፤ የመቆፈሪያ ማሽን መካኒክ ነኝ። ያኔ የምሠራበት የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪ ድርጅት የመዘጋት አፋፍ ላይ ደርሶ ነበር። ማሽኖቹ በዕድሜ ይበልጡኛል። አንዱን ለማስነሳት ከሌላው ኩሽኔታ እፈታለሁ፣ ከሦስተኛው ቺንጋ እዋሳለሁ። ባልደረቦቼ “ዶክተሩ፣ ዛሬ ደግሞ ከየትኛው ሬሳ ቆርጠህ ለየትኛው በሽተኛ ቀጠልክ?” እያሉ ይስቁብኝ ነበር። አብሬያቸው እስቃለሁ እንጂ ውስጤ አይስቅም። አዲስ ማሽን በእጄ ሳልነካ ላረጅ ነው እያልኩ እቃጠል ነበር።

የመጀመሪያው ደብዳቤ የመጣው ነዳጅ ከሚወጣበት አገር ነው። ሁለተኛው መዳብ ከሚወጣበት። ሁለቱም ከመሬታቸው ሥር ባለው ሀብት የከበሩ ናቸው። ሁለቱም ኩባንያዎች ከመፈረሜ በፊት መጥቼ ሥራውንም ኑሮውንም እንዳይ የአውሮፕላን ቲኬት ላኩልኝ፤ እዚያ አንድ ሳምንት፣ እዚህ አንድ ሳምንት።

ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት። በረንዳችን ላይ ሁለት የስፌት መኪና ይዛ ለሰፈሩ ሁሉ ትሰፋ ነበር። ሜትር ከአንገቷ አይወርድም፤ ግን እውነቱን ለመናገር ሜትር አያስፈልጋትም። ዘመድ ሊጠይቀን ይመጣና ገና ቁጭ ሳይል “ወገብህ ሁለት ሴንቲ ጨምሯል፤ ምን እየበላህ ነው?” ትለዋለች። ዘመዱ ይቆጣል፣ ቤቱ ሄዶ ይለካዋል፣ ልክ ሆና ትገኛለች። ከልጅነቷ ጀምሮ የምትመኘው አንድ ነገር ነው፤ በሩ ወደ መንገድ የሚከፈት የራሷ ሱቅ።

ልጃችን ያኔ ስድስት ዓመቷ ነው።

ባለቤቴ ሸሚዞቼን ሻንጣ ውስጥ እያጣጠፈች “ቲኬቱ ላንተ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ዓይኔ አንተ ነህ” አለችኝ። “የልጅቷን ትምህርት ቤት እይ። ሐኪም ቤት እይ። ደግሞ ሱቅ መክፈት ይፈቀድልኝ እንደሆነ ጠይቅልኝ። ደሞዙን ተወው፣ ሁለቱም ጋ ከዚህ ይሻላል።”

“አደራ ተሸክሜ ነው የምሄደው በይኛ” አልኳት እየቀለድኩ።

“አደራ ተሸክመህ ነው” አለች ሳትስቅ።

መጀመሪያ የሄድኩት ወደ መዳቡ አገር ነው። እዚያ ከሦስት ዓመት በፊት ከኛ ድርጅት የወጣ ባልደረባዬ አለ፤ ቁመቱ በር ስለማያሳልፈው ረጅሙ ነው የምንለው። አውሮፕላን ጣቢያ በአሮጌ መኪና መጥቶ ተቀበለኝ። ከተማዋ በተራራ ወገብ ላይ የተቀመጠች ናት። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ይመጣል፣ አንድ ሰዓት ያህል ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ከዚያ ምንም እንዳላደረገ ሆኖ ይሄዳል። መብራት በሳምንት ሁለት ጊዜ ይጠፋል። ጎረቤቶች በአጥር ላይ እየተጠራሩ ያወራሉ። ትምህርት ቤቱን በእግሬ ሄጄ አየሁት፤ ከረጅሙ ቤት ሃያ ደቂቃ ነው። ስደርስ አንዲት አስተማሪ ያለቀሰች ልጅ ፊት ቁጢጥ ብላ አፍንጫዋን እየጠረገችላት ነበር። ሐኪም ቤቱ ሰልፍ አለው፤ ሐኪሙ ግን ዓይን ዓይንህን እያየ ነው የሚያነጋግርህ።

የረጅሙ ሚስት ጨርቅ ነጋዴ ናት። ከእሷ ሱቅ አጠገብ ያለው ክፍል ባዶውን እንደሆነ ነገረችኝና ወስዳ አሳየችኝ። በእርምጃዬ ለካሁት፤ ርዝመቱ ስድስት፣ ወርዱ አራት። ትልቅ መስኮት አለው፣ በሩ ወደ መንገድ ይከፈታል። “ባለቤቴ ይሄን ብታይ በደስታ ታብዳለች” አልኳት። ይሄን በራሴ አፍ ነው ያልኩት። የክፍሉ ባለቤት ሽማግሌ ሰው ናቸው። “ለልብስ ሰፊ ከሆነማ ሦስት ወር ለማንም ሳልሰጥ እጠብቃችኋለሁ፤ መጠጥ ቤት ሊያደርጉብኝ እየጠየቁኝ ነው” አሉኝ። ማዘጋጃ ቤትም ሄድኩ። ጸሐፊው እስክሪብቶውን እያኘከ “ባል የሥራ ፈቃድ ካለው ሚስት የንግድ ፈቃድ በአንድ ወር ታገኛለች” አለኝ፤ የሚሞላውንም ሁለት ገጽ ቅጽ ሰጠኝ።

ከዚያ የማዕድኑን ጋራዥ አሳዩኝ። እውነቱን ልናገር፤ ልቤ እዚያ ነው የቀዘቀዘው። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት። ማሽኖቹ ትቻቸው የመጣሁት ማሽኖች ወንድሞች። ኃላፊው ሐቀኛ ሰው ነበር። “አሮጌ ናቸው፤ አንተን የፈለግንህም ለዚሁ ነው፣ አሮጌ ታስነሳለህ ብለውናል” አለኝ። ሊያመሰግነኝ ፈልጎ ነው። እኔ ግን ፍርድ የተፈረደብኝ ያህል ተሰማኝ።

የነዳጁ አገር ሌላ ነው። አውሮፕላን ጣቢያው መስታወት በመስታወት፤ ስሜን በትልቁ የጻፈ ሾፌር ቆሞ ይጠብቀኛል። ከበሩ ስወጣ ሙቀቱ ፊቴን በጥፊ መታኝ። መኖሪያ ግቢው ዙሪያውን በግንብ የታጠረ፣ ውስጡ ነጭና ቀዝቃዛ፣ አዲስ ቀለም ቀለም የሚል። ሐኪም ቤቱ ሆቴል ይመስላል። ትምህርት ቤቱ የራሱ መዋኛ አለው።

ከዚያ ወደ ጥገና ክፍሉ ወሰዱኝ።

ወለሉ ያበራል። መፍቻዎቹ ግድግዳው ላይ በየቅርጻቸው በተሳለላቸው ቦታ ተሰቅለዋል። መሀል ላይ የቆመው የመቆፈሪያ ማሽን ወንበሩ ላይ ያለው ላስቲክ እንኳን አልተነሳም። ኃላፊው ትከሻዬን መታ አድርጎ “ይሄ ያንተ ነው፤ በሥርህ አሥራ ሁለት ሰው ይኖራል” አለኝ። ፓምፑን በእጄ ዳሰስኩት። ሃያ ዓመት ሙሉ ከሙት ማሽን ጋር የታገለ እጅ ነው። እንባዬ መጣብኝ፤ ላብ አስመስዬ ጠረግኩት። ልቤ ሸፈተ።

በመጨረሻው ቀን የሠራተኛ አስተዳደሯን ስለ ሱቅ ጠየቅኳት። በትሕትና ነው የመለሰችልኝ። “የሚስት ፈቃድ ለመኖሪያ ብቻ ነው፤ መሥራትም መነገድም አይቻልም። የልጅቷ ደግሞ እስከ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ከዚያ በኋላ መውጣት አለባት።” አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁ። መኪና ውስጥ እንደገባሁ ሾፌሩን “ወደ ሆቴሉ ከመሄዳችን በፊት በጥገና ክፍሉ በኩል አዙረኝ” አልኩት። አንድ ጊዜ ደግሜ ላየው ፈልጌ ነው።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘርግታ መሀሉን በመስመር ከፍላ ጠበቀችኝ። በአንዱ ወገን ነዳጅ፣ በሌላው ወገን መዳብ ብላ ጽፋለች። እስክሪብቶዋን አንስታ “እሺ፣ ንገረኝ” አለች።

ልዋሽ ብዬ አልጀመርኩም። ወሬው ራሱ ጎትቶ አስገባኝ። “የመዳቡ ማቅለጫ ጭስ አለው፤ ለደረትሽ አይሆንም” አልኩ። ባለቤቴ ከልጅነቷ ጀምሮ ደረቷ ደካማ ነው። ማቅለጫ አለ፣ ጭስም አለው፤ ግን ከተራራው ማዶ ነው። “ትምህርት ቤቱ ሩቅ ነው፣ በአውቶቡስ ነው” አልኩ። እሷ ትጽፋለች። እያንዳንዱ ቃሌ በእጅ ጽሑፏ ሲሰፍር እያየሁ ማቆም እችል ነበር።

“ሱቁስ?”

“ለውጭ አገር ሰው ፈቃድ አይሰጡም አሉኝ።”

በዚህኛው ውስጥ እንኳን ቅንጣት እውነት አልነበረም።

“የነዳጁስ አገር?”

“እዚያም ለጊዜው አይፈቀድም። ግን ሕጉ ሊለወጥ ነው እየተባለ ነው።” ማንም አላለም።

ወረቀቱን በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። “እንግዲህ ምርጫም የለ” አለችና አጠፈችው። በዚያው ሳምንት አንደኛውን የስፌት መኪና ለጎረቤት ሸጠች፤ ሁለተኛውን ይዘን ሄድን። ለረጅሙ ደግሞ ደወልኩለትና “ባለቤቴ እምቢ አለች” አልኩት። “እሷ ካልፈለገች ምን ይደረጋል” አለኝ፣ ከልቡ አዝኖ። በአንድ ምላስ ሁለት ቤት ዋሸሁ።

በነዳጁ አገር አሥራ ሁለት ዓመት ኖርን፤ እኔ ደስ ብሎኝ ነው የኖርኩት። ይሄን ብደብቅ ሌላ ውሸት ይሆንብኛል። ጠዋት ስነቃ ወደ ሥራ ለመሄድ እቸኩል ነበር። ማሽኑ ገና ሊታመም ሲያስብ በድምፁ አውቀዋለሁ።

ባለቤቴ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ በማይከፈት ቤት ውስጥ ዋለች። በመጀመሪያው ዓመት ጎረቤቶች የሚያጥር ሱሪ፣ የሚጠብ ቀሚስ እያመጡላት ፊቷ መለስ ብሎ ነበር። ከዚያ ከግቢው አስተዳደር ማስጠንቀቂያ መጣ፤ በመኖሪያ ቤት ውስጥ ንግድ ክልክል ነው፣ ከተደገመ ፈቃዳችሁ ይሰረዛል ይላል። ደብዳቤውን ሁለቴ አነበበችው። የስፌት መኪናዋን አንሶላ አልብሳ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተተችው።

በሁለተኛው ዓመት “ያ ሕግስ?” ብላ ጠየቀችኝ።

“እየተባለ ነው” አልኳት።

በሦስተኛው ዓመት እንደገና ጠየቀችኝና መልሴን ሳትጠብቅ ራሷ ሳቀች። “ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ” አለች። ከዚያ በኋላ ጠይቃኝ አታውቅም።

ኩባንያው አጥቦና ተኩሶ የሚልከውን ቱታዬን እንደገና ትተኩሰዋለች። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ የሳሎኑን መጋረጃ አውርዳ ጠርዙን ስትተረትር አገኘኋት። “ምን ሆነ?” አልኳት። “ጠምሞ ነበር” አለች። አልጠመመም ነበር። ተርትራ በእጇ መልሳ ሰፋችው፤ ከወር በኋላ ደግሞ የመኝታ ቤቱን። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ገበያ ማዕከሉ እንሄዳለን። እሷና ልጃችን አግዳሚ ላይ ቁጭ ብለው የሚያልፈውን ሰው ያያሉ። ባለቤቴ በሹክሹክታ “አርባ ሁለት፣ ወገቡ ዘጠና ስድስት፣ ግራ ትከሻው ዝቅ ይላል” ትላለች፤ ልጅቷ ትንፈቀፈቃለች። እኔም እስቅ ነበር። ምን እንዳሳቀኝ አሁን ሳስበው ያመኛል።

ልጃችን አሥራ ስምንት ሲሞላት ፈቃዷ አበቃ፤ ወደ ሌላ አገር ለትምህርት ሄደች። ቤቱ ጭር አለ።

በዚያው ዓመት ረጅሙ ልጁን ሊድር ነው ብሎ ጠራን። ሥራ ይበዛብኛል ብዬ ላመልጥ ሞከርኩ። ባለቤቴ “አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከገበያ ማዕከሉ ሌላ የት ወሰድከኝ? እንሄዳለን” አለች። ፈራሁ። ግን አሥራ ሁለት ዓመት ያለፈው ነገር ማን ያስታውሰዋል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

የደረስነው ዝናቡ እንዳባራ ነው። ታክሲው መስኮቱ ክፍት ነበር። ባለቤቴ አየሩን ወደ ውስጥ ሳበችና ቆየች፤ ሳል የለም፣ ምንም የለም። “ጭሱ የታል?” አለችኝ።

“ዘግተውት ይሆናል” አልኩ።

ሾፌሩ ምስኪን ነው፣ ሊያግዘኝ ነው የመሰለው። “የማቅለጫውን ነው? አልተዘጋም። ከተራራው ማዶ ነው፤ ነፋሱ ወደዚህ ዞሮ አያውቅም” አለ። ባለቤቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች።

ሠርጉ ላይ የረጅሙ ሚስት አቅፋ ሳመቻት። እራት ላይ አጠገቧ አስቀመጠቻትና እጇን ይዛ “የኔ እህት፣ አንቺን ለማየት ስንት ዓመት ጓጓሁ” አለቻት። “ለምን እምቢ እንዳልሽ ሁልጊዜ ይገርመኝ ነበር። ባልሽ እኮ ሱቁን በእርምጃው ሁሉ ለክቶት ነበር፤ ባለቤቴ ይሄን ብታይ በደስታ ታብዳለች ሲል እኔ ነኝ አጠገቡ የቆምኩት። ሽማግሌው ሦስት ወር ሙሉ ባዶውን አስቀምጠው ጠበቁሽ። ፈቃዱም አላለቀም ነበር እንዴ፣ ቅጹ ብቻ ነበር የቀረው።”

ባለቤቴ ሹካዋን አስቀመጠች። “እምቢ ያልኩት እኔ?” አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ለካ በዓይኗ ብቻ ሰውን ትለካለች ስል የኖርኩት ስለ ወገብና ስለ ትከሻ ብቻ ነበር። ከላይ እስከ ታች አየችኝ። እዚያው እንድታዋርደኝ ተመኘሁ። እሷ ግን ወደ ረጅሙ ሚስት ተመልሳ “ልክ ነሽ፣ ያኔ አልገባኝም ነበር” አለቻት። ሸፈነችልኝ። ከዚያ የከፋ ቅጣት እስከ ዛሬ አልደረሰብኝም።

በማግሥቱ ጠዋት ልብሷን ለብሳ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀችኝ። “ሱቁን አሳየኝ” አለች።

በእግራችን ሄድን። የሞባይል ጥገና ቤት ሆኗል። ጠጋኙን አስፈቅዳ ገባች። በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ጠረጴዛው ላይ አርፏል። መዳፏን ብርሃኑ ላይ ዘርግታ ለትንሽ ጊዜ ቆመች። አመስግናው ወጣች፤ መንገዱ ዳር ቆምን።

“ማሽኑን ፈልገህ ነው አይደል?” አለችኝ።

“አዎ።”

“ለምን አልነገርከኝም?”

“እምቢ ትይኛለሽ ብዬ ፈርቼ።”

“እምቢ አልልህም ነበር።” ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። “‘ይሄን ማሽን ሳልነካ መሞት አልፈልግም፣ አሥር ዓመት ስጪኝ’ ብትለኝ እሰጥህ ነበር። ቅር እያለኝም ቢሆን እሰጥህ ነበር። እኔ የሰጠሁህ ይሆን ነበር። አንተ ግን ወሰድከው።”

ይቅርታ አልኳት። “ሰምቻለሁ” አለች። ይቅር ብዬሃለሁ አላለችም።

ወደ ነዳጁ አገር ተመልሰን ሁለት ዓመት ያህል በዚያው ቤት ኖርን። አልተጣላንም። እንደ ወትሮው እንበላለን፣ ከልጃችን ጋር በስልክ እናወራለን። ግን የምነግራትን ነገር ሁሉ፣ “ዛሬ ሙቀቱ በረታ” ስላት እንኳን፣ ለአፍታ ያህል ታመዛዝነዋለች። ያችን አፍታ ለመድኳት ማለት አልችልም።

ከዚያ የነዳጅ ዋጋ ወደቀና ኩባንያው ሰው ቀነሰ። ስልሳ ቀን ሰጡን፤ ዕቃችሁን ይዛችሁ ውጡ ነው። በመጨረሻው ቀን ማሽኔን ሸራ ሲያለብሱት አየሁ። ኃላፊው አዲስ ሰው ስለሆነ ስሜን ተሳስቶ ነው የተሰናበተኝ።

ካርቶን እያሰርን ባለቤቴ “የት መሄድ ትፈልጋለህ? ደስ የሚያሰኘኝን ሳይሆን እውነቱን ንገረኝ” አለችኝ።

መዳቡ አገር እንሂድ ልላት ነበር፤ ልክሳት ፈልጌ። ግን አልፈለግኩም። “ቤታችን መመለስ ነው የምፈልገው፤ ደክሞኛል” አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። “እውነቱን ስለነገርከኝ ደስ ብሎኛል። እኔ ግን ወደዚያ እሄዳለሁ። ለብቻዬ ልሞክረው።”

የረጅሙ ሚስት በሱቋ ሠራተኛነት የሥራ ፈቃድ አስወጣችላትና ከጨርቅ ሱቋ ጀርባ ያለችውን ክፍል ሰጠቻት። መጀመሪያ ላይ የጨርቅ ገዢዎችን ልብስ ትሰፋ ነበር፤ ቀስ በቀስ በሩን ከኋላ ወዳለው መንገድ አስከፈተችው። እኔ በድሮው ቤታችን ነኝ፤ ለሰፈሩ ሰው የውሃ ፓምፕ እጠግናለሁ። ስልኩ ላይ ከድሮው ይልቅ አሁን ብዙ ታወራኛለች። በዓመት ሁለት ጊዜ በእንግዳ ፈቃድ እየሄድኩ አያታለሁ፤ ሰፈርተኛው “የልብስ ሰፊዋ ባል መጣ” ይላል።

ባለፈው ወር እዚያ ነበርኩ። መነጽር አድርጋለች። ዓይኗ ስለሚደክም እስከ ምሳ ሰዓት ብቻ ነው የምትሰፋው፤ የከሰዓቱን ሁለት ሴቶች ይሠሩላታል። እኔ ጥጉ ላይ ቁጭ ብዬ የአንዷን የስፌት መኪና ዘይት እቀባለሁ። አንዲት ወጣት እናት የሰፋችላትን ጃኬት ለብሳ መስታወት ፊት ዞር ዞር አለችና “እንዲህ ያለ እጅ ይዘሽ እስከ ዛሬ የት ነበርሽ? እዚህ ከመጣሽ ስንት ዓመትሽ ነው?” ብላ ጠየቀቻት።

ባለቤቴ መርፌ ቁልፍ በከንፈሯ ይዛ ስለነበር መጀመሪያ አወጣችው። “ሦስተኛዬን ይዣለሁ” አለች።

እኔ በልቤ ደመርኩት። አሥራ ሰባተኛዋ ይሆን ነበር። ቀና ስል ባለቤቴ በመስታወቱ ውስጥ ታየኛለች፤ ምን እየደመርኩ እንደሆነ ገብቷታል። ጎንበስ ብላ የሴትዮዋን እጅጌ ማስተካከሏን ቀጠለች።